የመጋቢትን ውኃ በጥቅምት ስለ መካፈል

በጉንደ ወይን ለመስኖ ተጠቃሚዎች፣ ለአገር ሽማግሌዎችና ለእንግዶች የተዘጋጀ ዲስኩር



ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚያልፍ መንገደኛ ዐይኑን ወደ ምዕራብ ባነሣ ጊዜ የጮቄን ተራራ ያያል፤ ይህም ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሆኖ፣ በክረምት የተቀበለውን ዝናም በጓሳው ሥርና በድንጋዩ ንቃቃት ውስጥ አኑሮ፣ ዝናሙ ከተቋረጠም በኋላ በአንቅዕትና በአፍላግ አማካይነት በዙሪያው ላለው አገር ሁሉ የሚያድል ስለ ሆነ፣ የውኃ ማማ ተብሎ ይጠራል። በደጀን በኩል የሚወርደው ሙጋ፣ በቢቸና አጠገብ የሚያልፈው ሱሃ፣ በሞጣ በኩል የሚፈሰው አዝዋሪ፣ ስማቸውን ከእኔ ይልቅ እናንተ የምታውቋቸው ትንንሽ ጅረቶች ጭምር፣ ከዚያ ደጋ ተነሥተው ጎጃምን ዞሮ የከበበውን ዓባይን ለማግኘት ይወርዳሉ። ስለ ዓባይ ብዙ ተነግሯል፣ ብዙም ተጽፏል፤ የእኔ ጉዳይ ግን ዓባይ ከመድረሱ በፊት በአንድ ቀበሌ ቦይ ገብቶ ድንቹን፣ ሽንኩርቱንና የበቆሎውን እሸት የሚያጠጣው ያ ትንሽ ውኃ፣ ይልቁንም ከጥር ጀምሮ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ፣ በምን ሥርዐት ሊያዝ እንደሚገባው መናገር ነው።

የምለውም በአጭሩ ይህ ነው፤ የመጋቢት ውኃ መከፈል ያለበት በጥቅምት ነው። ወንዙ ገና ሳይጎድል፣ ቦዩ እየተትረፈረፈ፣ የሰውም ልብ በመኸሩ ተስፋ ረክቶ ሳለ የሚደረግ ስምምነት ርትዕ ሊኖረው ይችላል፤ የበጋው ፀሐይ ጠንክሮ፣ ውኃው ቀጥኖ፣ ያበበው ሽንኩርት ሲጠወልግ እያየ አካፋውን ይዞ በቦዩ ዳር የቆመ ገበሬ ግን፣ ምንም እንኳ ደግና እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ቢሆን፣ በዚያች ሰዓት የጎረቤቱን ማሳ ከራሱ ማሳ እኩል አድርጎ ለመመልከት እጅግ ይቸግረዋል። በመጋቢት የሚነሣው ጠብ ሁሉ በጥቅምት ሳይነገር ከታለፈ ነገር የሚወለድ ነው ብዬ አምናለሁ።

አበው ዓመቱን በአራት ክፍል ከፍለው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መፀው፣ ከዚያ እስከ መጋቢት 25 ያለውን ሐጋይ ወይም በጋ፣ ቀጥሎ እስከ ሰኔ 25 ያለውን ጸደይ፣ የቀረውን ክረምት ብለው ሲሰይሙ፣ ቤተ ክርስቲያንም ስለ ዝናማትና ስለ ወንዞች ውኃ በጸሎቷ ስትማልድ፣ ውኃ ጊዜ ያለው በረከት መሆኑን ያስተምሩናል። በእኛ አገር የዓመቱ ዝናም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ወርዶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ በወንዙ ውስጥ የሚፈሰው በመሬት ሆድ ተቀምጦ የነበረው ነው፤ እርሱም ከሳምንት ወደ ሳምንት እየቀነሰ ሄዶ፣ የጸደይ ዝናም ካልደረሰለት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ከሁሉ ያነሰ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ገበሬ በዚህ ጉባኤ ውስጥ የለም። ነገር ግን ማወቅና በታወቀው መሠረት ሥራን መቍረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ፣ በጥቅምት ያየነውን ሙላት አይተን በጥቅምቱ ልክ የምንተክል ብዙዎች ነን።

ጥንታዊው ሥርዐት ምን እንደሚመስል ለእንግዶቻችን ባጭሩ ልንገር። ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ጋብ ሲል፣ ሙላቱ አፍርሶ የወሰደውን ግድብ ተጠቃሚዎቹ ተሰብስበው በድንጋይ፣ በእንጨት፣ በቅጠልና በጭቃ መልሰው ያቆማሉ፤ በደለል የተሞላውንም ቦይ ይጠርጋሉ፤ ለዚህ ሥራ ያልወጣ ሰው ይቀጣል። ከዚያም ውኃውን የሚያካፍል፣ የእያንዳንዱን ተራ የሚጠብቅ፣ ጠብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሰማ ሰው ይመርጣሉ፤ እርሱም የውኃ አባት ይባላል። ሥልጣኑ የመነጨው ከተጠቃሚዎቹ ፈቃድ ነው፤ እነርሱ አባት ብለው ካልጠሩት ሹመት ብቻውን አባት አያደርገውም፤ እርሱ ሊፈታው ያልቻለውም ነገር ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ይህ ሥርዐት ያለ ወረቀት፣ ያለ ማኅተምና ያለ በጀት በብዙ የአማራ ወንዞች ላይ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ከዚህ የተነሣ ለመስኖ ልማት ወደ ገጠር የሚወጣ ባለሙያ ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ የውኃ አባቱን ጠይቆ መረዳት ይገባዋል።

በሲሚንቶ የተሠራ የወንዝ ጠለፋ ሲመጣ የውኃ አባት አያስፈልግም የሚል አሳብ በአንዳንዶች ዘንድ አለ። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። የሲሚንቶው ግድብ በየዓመቱ የሚደክሙበትን የግድብ ሥራ ያስቀራል፤ በተራራው ሆድ ውስጥ ያለውን ውኃ ግን በአንዲት ጣሳ እንኳ አይጨምርም። ይልቁንም ቦዩ ረዝሞ አዲስ ማሳና አዲስ ተጠቃሚ ስለሚያመጣ፣ የሚካፈለው ሰው በዝቶ የሚካፈሉት ውኃ ያው የቀድሞው ይሆናል፤ ስለዚህ ዳኝነቱ ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

አሁን ወደ ቍጥር ልግባ፤ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ፣ የነገሩ ሁሉ ሥር በዚህ ላይ ነውና። አንድ ቦይ በሰከንድ 10 ሊትር ውኃ ያመጣል እንበል። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት 86,400 ሰከንድ ስለ ሆነ፣ ይህ ቦይ በዚያ ጊዜ ውስጥ 864 ሜትር ኩብ ያመጣል። ማሳውን በአንድ ጊዜ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ማጠጣት ቢያስፈልግ፣ ለአንድ ቃዳ፣ ማለት ለሄክታር ሩብ፣ 125 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ እንግዲህ ቦዩ በቀንና በሌሊት ወደ 7 ቃዳ ያጠጣል ማለት ነው። ነገር ግን ውኃው በአፈር ቦይ ሲሄድ ይሰርጋል፣ በተሸነቆረበት ሁሉ ይፈሳል፤ ግማሹ በመንገድ ቢቀር የሚጠጣው 3 ቃዳ ተኩል ነው፤ ሌሊቱንም ማንም ሳይጠቀምበት ፈስሶ የሚያድር ከሆነ ከ2 ቃዳ ያንሳል። እያንዳንዱ ማሳ ተራው በየ8 ቀኑ እንዲመለስለት ከተፈለገ፣ በዚያ ቦይ ላይ በመጋቢት ሊኖር የሚገባው አትክልት 14 ቃዳ ገደማ ብቻ ነው። አሁን ይኸው ቦይ በጥቅምት በሰከንድ 40 ሊትር ያመጣ ነበር እንበል፤ በዚያን ጊዜ በነበረው ልክ 55 ቃዳ ቢተከል፣ በመጋቢት የ14 ቃዳ ውኃ 55 ቃዳ አትክልት ይጠብቀዋል። እንዲህ ከሆነ በኋላ የውኃ አባቱ ምንም ጻድቅ ቢሆን፣ ሽማግሌውም ምንም አዋቂ ቢሆን፣ የሚያካፍለው ጥማትን ነው።

ባልትና ያላት እናት በጥር ጎተራው ሙሉ ሳለ የነሐሴን እንጀራ አስባ እህሉን በልኩ እንደምታወጣው፣ የቦይ ማኅበርም በጥቅምት ተሰብስቦ፣ ባለፉት ዓመታት በመጋቢት የታየውን ውኃ መነሻ አድርጎ፣ በዚህ በጋ እስከ መጨረሻው ውኃ የሚፈልግ አትክልት ስንት ቃዳ ብቻ ይተከል ብሎ መቍረጥ አለበት። ከዚያ የተረፈው መሬት ጦም ይደር ማለቴ አይደለም። በጥቅምት ተተክሎ በየካቲት የሚወጣ ድንች የሙላቱን ጊዜ ተጠቅሞ ከጭንቁ ወር በፊት ይሰበሰባል፤ ሽንብራና ጓያም መሬቱ በያዘው እርጥበት ይበቅላሉ፤ ዘግይቶ የተተከለ ሽንኩርት ግን፣ ጌሾና ፍራፍሬም፣ እስከ መጨረሻው ይጠጣሉ። ስለዚህ የሚገደበው የመሬቱ ስፋት ብቻ ሳይሆን የአትክልቱ ዐይነትና የሚተከልበት ቀን ጭምር ነው። መቀነስ ግድ በሆነ ጊዜም ቅነሳው በሁሉ ላይ በእኩል እጅ ይሁን የሚለው አሳብ ከላይ ሲታይ ፍትሕ ይመስላል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። አራት ቃዳ ያለው ሰው ሁለቱን ቢተው ኑሮው ይጠባል፤ ግማሽ ቃዳ ያላት መበለት ግማሹን ብትተው የምትበላው ታጣለች። የመጀመሪያው ግማሽ ቃዳ ለሁሉም ሳይነካ ይጠበቅ፤ ቅነሳው ከዚያ በላይ ካለው ይጀመር።

በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 26 የይስሐቅ እረኞች ከጌራራ እረኞች ጋር ስለ ጕድጓድ ውኃ እንደ ተጣሉ ታነባላችሁ። ይስሐቅ ጠብ በተነሣ ጊዜ ጕድጓዱን ትቶ ሄደ፣ ሌላም አስቈፈረ፤ በዚያም በተጣሉት ጊዜ ደግሞ ሄደ፤ በመጨረሻ ያለ ጠብ የሚቀመጥበት ሰፊ ስፍራ አገኘ። ይህ የትዕግሥት ትልቅ ምሳሌ ነው። ነገር ግን ይስሐቅ የሚሄድበት ስፍራ ነበረው፤ የጉንደ ወይን ገበሬ የሚሄድበት ሌላ ወንዝ የለውም፤ የርስቱ ድንበር የታወቀ፣ የጎረቤቱም ማሳ ከዳር እስከ ዳር የታረሰ ነው። በሰፊ ምድር ላይ መራቅ ሰላምን ያመጣ ነበር፤ በጠባብ ምድር ላይ ሰላም የሚገኘው አብሮ ተቀምጦ በሚጸና ሥርዐት ብቻ ነው።

ይህን ችግር ያየን እኛ ብቻ አይደለንም። በስፔን አገር በቫሌንሲያ ከተማ፣ ከቱሪያ ወንዝ የሚጠጡ ቦዮች ገበሬዎች ከራሳቸው መካከል የመረጧቸው ዳኞች፣ በየሳምንቱ ሐሙስ ቀትር ላይ በካቴድራሉ በሐዋርያት በር ፊት ተቀምጠው የውኃ ክርክር ይሰማሉ። ክርክሩ በቃል ነው፤ ፍርዱም እዚያው ይሰጣል፤ ይግባኝ የለውም። ይህ ሸንጎ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የኖረ ሲሆን፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ተቀምጠው ነገር የሚጨርሱ ሽማግሌዎችን ያየ የጎጃም ሰው ይህ ሥርዐት ባዕድ አይሆንበትም። ከሸንጎው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን እነዚያ ገበሬዎች ውኃው በሚሞላበት፣ በሚያንስበትና እጅግ በሚጠፋበት ጊዜ የሚሠራበትን ደንብ ለየብቻው አስቀድመው መለየታቸው ነው፤ በሙላት ጊዜ ሁሉም እንደ ፍላጎቱ ይወስዳል፣ ባነሰ ጊዜ በተራ ይጠጣል፣ እጅግ በጠፋ ጊዜ ደግሞ ጥማት የባሰበት አትክልት ይቀድማል። ድርቁ በመጣ ዕለት አዲስ ሕግ ፍለጋ አይሄዱም፤ ሕጉ ቀድሞ ተቀምጧል። ይህን የመሰሉ ማኅበራትን በልዩ ልዩ አገሮች የመረመረችው አሜሪካዊት ሊቅ ኤሊኖር ኦስትሮም፣ ሕዝብ የጋራ ሀብቱን መንግሥት ሳይቈጣጠረው ወይም ለግለሰብ ሳይሸጥ በራሱ ደንብ ለረጅም ዘመን ሊጠብቅ እንደሚችል በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መጽሐፍ አስረድታ፣ በ2002 ዓ.ም. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት በመቀበል ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆናለች።

የአገራችን ሕግም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በመሬቱ አጠገብ የሚያልፈውን ውኃ ለመስኖ የሚጠቀም ሰው፣ ውኃውን ለቤቱና ለከብቱ የሚፈልገውን እንዳይጎዳ አዝዟል፤ በ1992 ዓ.ም. የታወጀው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለቤት የሚውለውን ውኃ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ፣ በባህላዊ መንገድ ለሚደረግ መስኖ ግን ፈቃድ እንዳይጠየቅ ወስኗል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 841 ደግሞ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር በሕግ ፊት ሰውነት እንዲያገኝ መንገድ ከፍቷል። ይህ የመጨረሻው ታላቅ ጥቅም አለው፤ ማዳበሪያ ለማምጣትና ምርት ለመሸጥ የተቋቋመ የኅብረት ሥራ ማኅበር ውኃ ለማካፈል አልተፈጠረምና፣ ለውኃው የራሱ ማኅበር ሊኖረው ይገባል። ብቻ ማኅበሩ ሲቋቋም የውኃ አባቱ ከበር ውጭ እንዳይቀር እለምናለሁ፤ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ተመርጠው፣ ቦዩን ከራስ እስከ ግርጌ በእግሩ የሚያውቀው ሰው የተረሳ እንደ ሆነ፣ ማኅበሩ በወረቀት ላይ ብቻ ይቆማል።

ስለ ውኃ አባት ምርጫ አንድ ምክር ልጨምር። በብዙ ስፍራ የሚመረጠው ሰው ደግነቱ፣ ትጋቱና ንግግር ዐዋቂነቱ ይታያል፤ ማሳው የት እንደሆነ ግን አይጠየቅም። እኔ ማሳው በቦዩ ግርጌ ያለውን ሰው እመርጣለሁ። በቦዩ ራስ ያለ ሰው ውኃው ከርሱ ካለፈ በኋላ የሚደርስበትን ነገር ሄዶ ካላየ አያውቀውም፤ በግርጌ ያለው ግን የራሱ ሽንኩርት እንዲጠጣ ቦዩን ሁሉ ከላይ እስከ ታች መጠበቅ ግድ ይሆንበታል፤ ስለዚህ የራሱ ጥቅምና የማኅበሩ ጥቅም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። ተራውም አንዱ ዙር ከራስ ከጀመረ የሚቀጥለው ከግርጌ ይጀምር፤ ሁልጊዜ ከላይ የሚጀምር ተራ ወንዙ በድንገት የቀነሰ ዕለት ጉዳቱን ዘወትር በዚያው በአንዱ ቤት ላይ ይጥላልና።

ሌሊት የሚደርስ ተራ ልዩ ችግር አለው። ጕልማሳ ወንድ ልጅ ያለው ቤት ፋኖስ ይዞ ወጥቶ ያጠጣል፤ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሕመምተኛ፣ ልጁ ከተማ የገባበት ሽማግሌ ግን በጨለማ ወጥቶ ውኃ መምራት አይችልም፤ ውኃው በስሙ ይለቀቃል፣ ማሳው ግን ሳይጠጣ ያድራል፣ በማግሥቱም ተራህን ወስደሃል ይባላል። ደንቡ የነዚህን ሰዎች ተራ በቀን እንዲሆን መወሰን ይችላል፤ ይህ ችሮታ አይደለም፣ ቦዩን ለማስጠረግ እነርሱም ድርሻቸውን አዋጥተዋል። በሜጫ በቆጋ መስኖ እንደተደረገውም፣ ሌሊት የሚመጣው ውኃ በኩሬ ተጠራቅሞ በቀን የሚጠጣበት ብልሃት አለ፤ የቆጋ ሥራ 7,000 ሄክታር ለማጠጣት የታሰበ ታላቅ ሥራ ነው፤ ኩሬው ግን ለትንሽ ቦይም፣ ቦታው ከተመረጠና ወለሉ ውኃ እንዳያሰርግ ከተደረገ፣ የማይቻል አይደለም። ቀደም ብዬ ባሳየሁት ስሌት ሌሊቱን የማዳን ዋጋ 14 ቃዳን ወደ 28 ቃዳ ማድረስ መሆኑን አስቡ።

የበዓል ውኃም አለ። ገበሬው ሰንበትንና የከበሩትን በዓላት ሲያከብር ውኃው አያርፍም፤ ተራው በእሑድ የዋለበት ሰው ወይም በዓሉን ይሽራል ወይም ተራውን ያጣል። ይህን ጉዳይ ካህናት አባቶች ከውኃ አባቶች ጋር ተቀምጠው ሊወስኑት የሚገባ ነው፤ በእኔ አስተያየት የበዓል ዕለት ውኃ ለማንም ተራ ሳይቈጠር በኩሬ ቢጠራቀም፣ በማግሥቱም መጀመሪያ ለአቅመ ደካሞች ማሳ ቢውል፣ በዓሉም ይከበራል፣ ተራውም አይዛባም።

ከቦዩ በላይ ስላለው ነገር ባጭሩ ልናገር። አንድ ሰው የውኃ መሳቢያ ሞተር ገዝቶ ከጠለፋው በላይ ከወንዙ ሲስብ፣ ግድብ ሳያቆምና ቦይ ሳይጠርግ ከሁሉ ቀድሞ ይጠጣል። ሞተሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ባለ ሞተሩ የቦዩ አባል ሆኖ በሰዓት ተቈጥሮ ይግባ። በምንጭ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ የምንጩን ውኃ ይጠጣል፤ ሊነሣ ይገባል። በጮቄም ላይ እርሻው ጓሳውንና አስታውን እየገፋ ወደ ላይ በወጣ ቍጥር የክረምቱ ዝናም በጎርፍ ይሄዳል እንጂ ወደ መሬት ሆድ አይገባም፤ ከላይ ያለውን ሰው ግን ተራራውን ልቀቅ ከማለት በፊት፣ ከታች ያለው የመስኖ ማኅበር ለእርከኑና ለችግኙ ሥራ ጕልበቱን ይዞ ሊወጣለት ይገባል፤ ውኃውን የሚጠጣው እርሱ ነውና።

እንግዲህ የምለምናችሁ ሥራ አንድ ነው፤ በሚመጣው መጋቢት አጋማሽ እያንዳንዱ ቦይ ይለካ። ለዚህ የከተማ መሣሪያ አያስፈልግም። ቦዩ ቀጥ ባለበት ስፍራ 10 ሜትር ለክታችሁ ሁለት ችካል ትከሉ፤ ደረቅ የበቆሎ ቆሮቆንዳ ከላይኛው ችካል ላይ ልቀቁና ከታችኛው እስኪደርስ ሰከንዱን ቍጠሩ፤ ሦስት ጊዜ ደግማችሁ መካከለኛውን ያዙ። 50 ሰከንድ ቢፈጅ ውኃው በሰከንድ 20 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። የውኃው ስፋት 50 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም 14 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሦስቱ ተባዝተው በሰከንድ 14 ሊትር ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ከላይ ያለው ውኃ ከታችና ከዳር ካለው ይፈጥናልና፣ ከዚህ ላይ ሢሶውን ያህል ብትቀንሱ ወደ 9 ሊትር ይሆናል። ይህን ስሌት በትምህርት ቤት ያሉ ልጆቻችሁ በቀላሉ ይሠሩታል፤ የውኃ አባቱና ከራስና ከግርጌ የተመረጡ ሁለት ሰዎች ምስክር ይሁኑ። ልኩ ከነቀኑ በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ፤ ቦዩን ለመጥረግ በጥቅምት በምትሰበሰቡበት ቀንም፣ ማንም ዘር ከመዝራቱና ችግኝ ከማውጣቱ በፊት፣ ጸሐፊው ተነሥቶ ያን ቍጥር ለጉባኤው ጮክ ብሎ ያንብብ።